ገጽ አርባ አንድ

ሁሉን ነገር ስለሚጠይቁ በሰፈሩ «እትዬ ለምን» እየተባሉ የኖሩት ታላቅ እህታችን ከሰዓት ሠሪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ኅዳር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው የግድግዳውን ሰዓት ፈተው ሲገጥሙት አንድ ብሎን ተረፋቸው፤ ሰዓቱ ግን ሠራ። አባታችንም «ያዣት ልጄ፣ ትርፍ ያልያዘ ሰዓት ሠሪ ደንበኛ ያስለቅሳል» አሏቸው።

በ1969 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው በዚያው ዓመት የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ቺፕ ከሚያመርት ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. መሬት ቀያሹን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በፋብሪካው ከአሥር ቺፕ ሦስቱ፣ መረጃ ከሚይዙት ብዙ ረድፎች አንዱ ብቻ ተበላሽቶባቸው ይጣሉ ነበር። እትዬ በቺፑ ውስጥ ትርፍ ረድፍ አኖሩ፤ ቺፑ መብራት ባገኘ ቁጥር ራሱን ፈትሾ የተበላሸውን በትርፉ የሚተካበትን ሰርኪዩትም ፈጠሩ። በሥራው ደንብ ፈጣሪው በመዝገብ ነድፎ ይፈርማል፣ ሌላ ሰው ደግሞ «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብሎ በምስክርነት ይፈርማል። መጋቢት 3 ቀን 1984 ዓ.ም. በገጽ አርባ አንድ ላይ እትዬ ፈረሙ። ለምስክርነት የክፍል ኃላፊያቸውን መረጡ፤ እሱም ፈረመ። የተሳሳቱት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት ሰውየው የፈጠራውን ባለቤትነት በራሱ ስም ብቻ አስመዘገበ፤ ፋብሪካውም ሊሸልመው ወሰነ። ሲጠይቁት «አንቺ መስመሩን ሳልሽ እንጂ ሐሳቡ የክፍሉ ነው» አላቸው። «ታዲያ ለሽልማቱ ክፍሉ መድረክ ላይ ይውጣ» አሉት። የወጣው እሱ ነው።

እትዬ ለፋብሪካው አስተዳደር አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። መዝገቡ ጠፋ ተባሉ። በፈረሙበት ዕለት ያስቀሩትን ግልባጭ ሲያቀርቡም፣ ዋናው ሳይቀርብ ግልባጭ አይታይም ተባሉ። ዋናውን የሚያስቀምጠው ማን ነበር? ራሱ ኃላፊው።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስማቸው በሥራቸው ላይ እንዲጻፍ። ፋብሪካው በቀብራቸው ላይ እንድናነብለት ትናንት በላከው ወረቀት «ትጉህ ረዳት» ብሏቸዋል። አላነበብነውም፤ አናነበውምም።

በምትኩ ግልባጩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ አትመነዋል። ሁለቱም ፊርማዎች ይታያሉ፤ ሰውየው ከቀባሪው መካከል ካለ የራሱን አያጣውም። እናንተም ገልብጣችሁ አንብቡት፣ ከዛሬ ጀምሮ ምስክሮቻቸው እናንተ ናችሁ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ምስክር የማይሻው ዳኛ የእትዬን ነፍስ በዕረፍት ያኑር።