በስምህ ተለክቼ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ጥቂት ደቂቃ ቀድመኸኝ ተወልደህ ዕድሜ ልክህን ታላቅ ለሆንክብኝ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? ድሮ ይሄን የምጽፈው ለወጉ ያህል ነበር። ዛሬ ግን መልሱን አጥብቄ እፈልገዋለሁ። ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህስ? እኔ አለሁ። ስደውል ስለምትዘጋብኝ፣ በራፍህ ድረስ ስመጣም «የለም በሉት» ስላስባልክብኝ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ቀደህ ብትጥለው እንኳ መጀመሪያ ዓይንህ አንድ ሁለት መስመር ሳይሰርቅ አይቀርም፤ አውቅሃለሁ።

«ከሰው ሁሉ የገዛ ወንድሜ ጉድ ሠራኝ» ማለትህን ሰምቻለሁ። ይሁን። ግን ያን ቀን አንተ ውጭ ነበርክ፤ ውስጥ የሆነውን አላየህም። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

መሥሪያ ቤትህ ክሬን የሚያንቀሳቅስ ሁሉ የጤና ምርመራ ወረቀት ያምጣ ያለ ጊዜ ሱቄ ድረስ መጣህ። የስፌት መኪናዬን ተደግፈህ እየሳቅክ፣ «አንተ መቃ የመሰልክ ሰው ነህ፤ አትጠጣ፣ አትወፍር። በእኔ ስም ግባና ተለካልኝ፤ መልካችን እንደሆነ አንድ ነው» አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። እናታችን እንኳ አንዳችንን ሁለቴ አጥባ ሌላውን ከነአቧራው ያስተኛችን ልጆች አይደለን? መታወቂያህን ይዤ ክሊኒኩ ገባሁ።

የሚለካው ነርስ ወጣት ነው። ክንዴ ላይ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቀለለና ነፋው። አየውና እንደገና ነፋው። ቀጥሎ ሌላውን ክንዴን ጠየቀኝ። «ሮጠው ነው እንዴ የመጡት?» አለኝ። «ኧረ ተቀምጬ ነው የቆየሁት» አልኩት። ያ ሁሉ ፈገግታው ጠፋና ሐኪሟን ጠራት።

ሐኪሟ በዕድሜ ከእኛ የምታንስ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ራስዎን ያምዎታል? ዓይንዎ ይጭበረበራል? ደረትዎን ያፍንዎታል? አለችኝ። ምንም የለም አልኳት፤ እውነቴን ነበር። «የሚያስፈራው እሱ ነው» አለችኝ። «ሳያምዎት ነው ደም ሥርዎን የሚጎዳው።» ከዚያ ስለ አባታችን ጠየቀችኝ። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ መቅረቱን ነገርኳት። «ዕድሜያቸው ስንት ነበር?» አለች።

የእኛ ዕድሜ ነበር፣ ወንድሜ። አባባ ሁልጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ስለሚታየኝ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም።

«እንግዲህ ግፊትዎ እስኪወርድ ክሬን ላይ መውጣት አይችሉም፤ አልፈርምም» አለችኝ። ይሄን የምትለው ለእኔ ነው፤ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስወጣ ለሚያዞረኝ ሰው! ወጥቼ ስነግርህ ያልከኝን አልደግመውም። «ሆን ብለህ ነው» ያልከኝ ግን አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ደም ግፊት ሆን ተብሎ ይመጣል እንዴ?

አንተ ከክሬኑ ወርደህ ዕቃ ክፍል ገባህ፤ እኔ ደግሞ ፍርሃት ውስጥ ገባሁ። ልቤ ሲመታ መስማት ጀመርኩ። መቀስ ሳነሣ እሰማዋለሁ፣ ደረጃ ስወጣ እሰማዋለሁ። ደንበኛ እያናገረኝ እኔ የማዳምጠው ደረቴን ነው። አትሳቅብኝና፣ ማሰሪያ ያላቸውን ጫማዎች በሙሉ ለሰው ሰጠኋቸው።

ካርዱ የወጣው በአንተ ስም ስለሆነ ክትትሉንም በስምህ ቀጠልኩ። ስምህ ሲጠራ ብድግ እላለሁ። ሐኪሟ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ «ግን ክኒኑ ብቻውን አይበቃዎትም፤ ኑሮዎንም ይለውጡ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ እንደማልነሣ፣ አንዱን ሲጋራ በሌላው እንደምለኩስ፣ ከመሳቢያዬ ጨው የተነሰነሰበት ለውዝ እንደማይጠፋ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ቅጥነትዎ አታልሎዎታል» አለችኝ።

ሲጋራው አሠቃየኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደንበኛ ላይ ጮህኩ፤ የአንዱን ሙሽራ ሱሪ አሳጥሬ ቆርጬ ሌላ ጨርቅ ገዛሁለት። ምግቡም ያለ ጨው ወረቀት ወረቀት አለኝ። ባለቤቴ የጨው ዕቃውን የት እንደደበቀችው እስካሁን አላወቅኩም፤ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ታባብለኛለች። ታክሲውን ትቼ በእግሬ ወደ ሱቅ መሄድ የጀመርኩ ዕለት ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሼ አጥሮ የሰው አጥር ተደግፌ ቆምኩ። አንዲት ሴትዮ አይታኝ፣ «በጠዋቱ?» ብላ አለፈች፤ የሰከርኩ መስሏት። አሁን ሳልቆም እደርሳለሁ። ምላሴም ለመደ፤ ቲማቲም የራሱ ጣዕም እንዳለው በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነው።

ግፊቴ ቀስ በቀስ ወረደ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ለክታኝ ደስ አላት። «በሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ወደ ክሬንዎ ይመለሱ» አለችና የምስክር ወረቀቱን ሳበች። ስምህን ሞላች። ፊርማዋ ብቻ ቀረ።

እመነኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ወረቀቱን ይዤልህ ስመጣ፣ አንተ በሩን ስትከፍትልኝ ታየኝ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። አንተ ከላይ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መንጠቆው ላይ ብረት፣ ከብረቱ ሥር ሰዎች። የተለካው የእኔ ክንድ ነው፤ የአንተን ማንም አላየውም። ከሁለታችን ጤነኛ የተባልኩት እኔ እንዲህ ከሆንኩ፣ ሳትጠጣ የማትተኛው፣ ደረጃ ስትወጣ ድምፅህ የሚቆራረጠው አንተስ? «ዶክተር፣ እባክዎ አንዴ ይቆዩ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

ፖሊስ ትጠራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ቀደደችው። «እሳቸውን ያምጧቸው» አለችኝ። «አልቆጣቸውም፣ ለማንም አልናገርም። ክንዳቸውን ብቻ ይስጡኝ።»

እንግዲህ ወረቀቱን ያስቀደድኩብህ እኔ ነኝ። የምትጠላኝ ከሆነ በዚህ ጥላኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ይሄን እያወራን አንዲት ትልቅ ነርስ ካርድ ይዘው ገቡ። ከሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውረው ገና መምጣታቸው ነው፤ እኔ አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው ግን ገና ሲያዩኝ ክው አሉ። «አንተ! በሕይወት አለህ እንዴ?» አሉኝ። «ያን ዕለት ግፊትህን ለክቼ አልጋው ላይ አርፈህ ጠብቅ ብዬህ፣ ሐኪም ጠርቼ ስመለስ የት ገባህ? ስንት ቀን ስጨነቅ ከረምኩ እኮ!» ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ሴትዮዋ ቀረብ ብለው፣ እንደ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ከዚያስ ሌላ ቦታ ሄደህ መድኃኒት ጀመርክ?» አሉኝ።

«እጠይቀዋለሁ» አልኳቸው።

ሌላ ምንም አልልህም። ለባለቤትህም ትንፍሽ አላልኩም፤ ደብዳቤውን አሽጌ ነው የምሰጣት። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ክሊኒኩ በር ላይ እቆማለሁ። ሰኞ ካልመጣህ ማክሰኞም እቆማለሁ። ስትመጣ መነጋገር የለብንም፤ ከፈለግህ ተኳርፈንም ቢሆን እንገባለን። ብቻ ስምህ ሲጠራ አንተው ተነሣ።

ፈጣሪ ከአባታችን ዕድሜ አሳልፎ ያኑርህ። የልጅህን ወግ ማዕረግ ያሳይህ። ልብህን ይጠብቅልኝ።

ያንተው፣ አንድ ማሕፀን የተካፈልን ታናሽህ