የብርሃን ክር ያተሙት የመምህርት ማስተዋል ጀምበሩ የሕይወት ታሪክ (1980–2017 ዓ.ም.)

መምህርት ማስተዋል ጀምበሩ ከአባታቸው ከአቶ ጀምበሩ ደሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰበች ባየ ሐምሌ 7 ቀን 1980 ዓ.ም. በሽንፋ ተወለዱ። አባታቸው ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው እዚሁ የቀሩ ገበሬ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃን በሽንፋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በገንዳ ውሃ ተከታትለዋል። በ2001 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመርቀው በመተማ ዮሐንስ ማስተማር ጀመሩ። በ2004 ዓ.ም. ከትራክተር መካኒኩ ከአቶ ትዕዛዙ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሔለንንና አለምሰገድን ወልደዋል። አለምሰገድን ክርስትና ያነሱት የሥራ ባልደረባቸው መምህር ባየልኝ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ‹‹አበልጄ›› ተባብለው ነው የኖሩት።

በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ሲመለሱ አንድ ያገለገለ ስሪዲ ፕሪንተር ይዘው መጡ፤ ፕላስቲክ አቅልጦ እየደረበ ዕቃ የሚሠራ ማሽን ነው። ሐሳባቸው በማሽኑ፣ ብርሃን በውስጡ የሚሄድበት የፖሊመር (የፕላስቲክ) ክር ማተም ነበር። በአንድ ጫፉ የገባ ብርሃን ክሩ ቢጠማዘዝም በሌላው ይወጣል፤ ሽፋኑ በተገፈፈበት ቦታ እርጥበት ሲነካው ግን የሚወጣው ብርሃን ይደክማል። በሰሊጥ ክምር መሐል ከተዘረጋ፣ ሰሊጡ ሳይሻግት ያስታውቃል ማለት ነው።

አንድ ዓመት ሙሉ ክሩ እየደፈረሰ አስቸገራቸው። ፕላስቲኩ የክረምቱን እርጥበት እየጠጣ፣ ሲቀልጥ አረፋ እየሠራ፣ ብርሃኑን መንገድ ላይ ያስቀረው ነበር። ዘዴውን ያገኙት ከእናታቸው ጓዳ ነው፤ ማሽላ ቆልተው፣ ለብ እንዳለ ከፕላስቲኩ ጥቅል ጋር በጣሳ ከደኑት። ማሽላው እርጥበቱን ጠጣላቸው። ወ/ሮ አሰበች ‹‹ለሰው የጠፋ ቆሎ ለማሽን!›› ብለው ይስቁ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክሩ በነጋዴው በአቶ በሽር መጋዘን ተዘርግቶ የረጠበውን ከረጢት ለየ። አቶ በሽርም ‹‹ኡስታዛ፣ ክርሽ ከዘበኛዬ ይሻላል፤ እሱ ይተኛል›› አሏቸው።

በ2016 ዓ.ም. በጡት ካንሰር ታመው ጎንደር ሆስፒታል ሲተኙ፣ ክሮቹንና ደብተራቸውን ለአበልጃቸው አደራ ሰጡ። መምህር ባየልኝ ግን በሰኔ ወር ሥራውን በፈጠራ ውድድር ላይ በራሳቸው ስም አቅርበው ተሸለሙ። የመምህርት ማስተዋል ስም በረዳትነት እንኳ አልተጠራም። በስልክ ሲጠይቋቸው ‹‹አበልጄ፣ አንቺ ስትታመሚ ሥራው አብሮሽ እንዳይታመም ብዬ ነው። ስምሽን በኋላ እናስገባዋለን›› አሏቸው። እሳቸውም ‹‹በኋላ ስሙ የሚጻፍለት የሞተ ሰው ነው›› ብለው ስልኩን ዘጉት።

በሐምሌ ወር ወደ ቤታቸው ተመልሰው አቤቱታ ጽፈው፣ ውድድሩን ላዘጋጀው ገንዳ ውሃ ላለው ጽሕፈት ቤት እንዲያደርስ ለታናሽ ወንድማቸው ለፈንቴ ሰጡት። ወ/ሮ አሰበች ልጃቸውን ደጅ ላይ ይዘው ‹‹አበልጅ ተከሶ የት ያውቃል? ልጇን ታቅፎ ከታቦት ፊት የቆመ ሰው ነው›› አሉት። ፈንቴ ደብዳቤውን በደረት ኪሱ ይዞ ገንዳ ውሃ ደረሰ፤ የጽሕፈት ቤቱን በር አየና ተመለሰ። ‹‹ሰጠሁ›› አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ፣ ባጃጅ ደጃፍ በቆመ ቁጥር ከአልጋቸው ቀና ብለው ‹‹ፈንትዬ፣ መልሱ ይሆን?›› ይሉ ነበር። እሱም ‹‹ቢሮ አይደል እትዬ፣ ቀስ ይላል›› ይላቸው ነበር።

ያ ወንድም ይህን ጽፌ የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ደብዳቤው እንደታጠፈ እኔ ዘንድ አለ። አበልጃቸው አደራ በሉ፤ እኔም በላሁ።

እኅቴ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ36 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታችንንና እኔን ትተው ሄደዋል።

የቆላውን እርጥበት በተቆላ ማሽላ አሸንፈው የብርሃን ክር ያተሙት መምህርት ማስተዋል ጀምበሩ ናቸው። ሥራቸውና ስማቸው በአንድ መስመር ሲታተም ይህ ወረቀት የመጀመሪያው ነው። በእጃቸው ይዘው ሊያነቡት ይገባ ነበር።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ብርሃን በማይደክምበት ስፍራ ያኑርልን፤ እሳቸውም እኛን ይቅር ይበሉን። አሜን።