ከሁለት ሺህ ወይዘሮዎች ጋር ስለተቆለፈብኝ ፋይል

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል ገነነ
የተቀናጀ የሰነድ ማዘመኛ ማዕከል ኃላፊ
ቡሬ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ፣ ከስብሰባ ስብሰባ የሚንከራተተው ጉሮሮዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ በማድረግ፣ ከጅጋ አጠገብ ካለችው መንደራችን ከባለቤቴ ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ጋር እጅ እነሣለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሳቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ወልደ ዮሐንስ ሰውነት እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ አሁን ገበሬ ነኝ። ከጎረቤቴ ከአቶ ሙጬ እጅጉ ጋር በበቆሎ ማሳ ድንበር ስድስት ዓመት ተካሰናል። ፍኖተ ሰላም ያሉት ዳኛ የይዞታ ደብተሬ ቅጂ ከእርስዎ ማዕከል በኮምፒውተር ካልቀረበ መዝገቡን እንደሚዘጉት፣ ያን ጊዜም ድንበሩ ሙጬ ገፍቶ ባረሰበት እንደሚቀር ቁርጡን ነገሩኝ። እንግዲህ የእርስዎ ውለታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ፋይሌን የላከው ፕሮግራምዎ በስሜ መካከል ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ሌላ ሰው የመጣ እየመሰለው «ወልደ»ን፣ «ዮሐንስ»ን እና «ሰውነት»ን ለየብቻ ላካቸው፤ ሦስቱም ባዶ እጃቸውን ፍርድ ቤት ደረሱ። የሚገርመው፣ እኔ አንድ ሰው ብቻ መሆኔን ዳኛው ፊት ቆሞ የመሰከረልኝ ባላጋራዬ ሙጬ ነው!

ሁለተኛ፦ ሠራተኛዎ ወንዳወቅ፣ ይባረክና፣ ክፍት ቦታውን ለመሸሽ «ወ/ዮሐንስ» ብሎ አሳጥሮ መዘገበኝ። የማዕከልዎ ኮምፒውተር ግን ያቺን ዘንባላ መስመር ሲያይ «ወ» የሚባል ፎልደር ከፍቶ «ዮሐንስ»ን እዚያ ውስጥ ዶለው። ለካስ «ወ/ሮ» ተብለው የተመዘገቡት የአካባቢያችን ባለትዳር ሴቶችም በሙሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ኖረዋል! ወንዳወቅ ሁለት ቀን ፈልጎ ከሁለት ሺህ ወይዘሮዎች መካከል ጎትቶ አወጣኝ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ እዚያ ምን ትሠራ ነበር ብላ አፋጠጠችኝ፤ እሷም እዚያው እንደነበረች ባስረዳት፣ እንግዲያው እንዴት ሳላይህ ቀረሁ ብላ ነገሩን ጭራሽ አከረረችው። በሽበቴ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ላይ ስለጣሉኝ እንደ ጎረምሳ ሆኛለሁና አመሰግናለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄም ይስቃል። ክርክር ያለበት መሬት ፋይል ከስሙ መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረግበት የሚል መመሪያ በፊርማዎ አውጥተዋል። የእርስዎ ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚሉት ሥርዓት ስለሚሠራ ምልክቱን ያለ አንዳች ማጉረምረም ይቀበላል፤ የፍርድ ቤቱ ዊንዶውስ ግን የጥያቄ ምልክት ያለበትን የፋይል ስም ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ስለዚህ ፍርድ ቤት የሚከፈተው ማንም ያልተከራከረበት መሬት ሰነድ ብቻ ሆነ፤ የተካሰስንበት ግን ወይ ፍንክች። ኧረ ክቡርነትዎ፣ ይህን ያሰበ ጭንቅላት ክፉ አይንካው!

ትሑት ልመናዬ፣ በፋይል ስም ከፊደልና ከቁጥር ሌላ ምንም እንዳይገባ፣ በክፍት ቦታውም ፋንታ ከግርጌ የምትሰመረው ጭረት እንድትገባ እንዲያዝዙልን ነው። ይህን ለመረዳት የአምስት ቀን ሥልጠና የግድ ከሆነ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቢያደርጉትም ቅር አይለንም።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለኮምፒውተርዎ ማስተዋል እየተመኘሁ፣ ዘመናዊነትዎ ያደከመው ነገር ግን ከቶ ያላስቀየመው ታዛዥዎ፣

ወልደ ዮሐንስ ሰውነት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከቀጠሮ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከሙጬ ጎን ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት ሰላም ተባብለን አናውቅም። የእሱም ፋይል በዚያችው በጥያቄ ምልክትዎ አልከፈት ማለቱን ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ተከተለኝ፤ እንባችንን እየጠረግን ጅጋ ደረስን። በማግስቱ ሽማግሌ ጠርተን፣ ገመድ ዘርግተን፣ ድንበሩን በግማሽ ቀን ለየን። የሰበካው ሽማግሌ ሁሉ ያቃተውን እርቅ እርስዎ በአንዲት ምልክት ፈጽመውታል። አሁን እኔና ሙጬ አብረን ከሳሽ ሆነናል፤ ተከሳሹ እርስዎ ነዎት። የክሱ ፋይል በየትኛውም ዳኛ ኮምፒውተር ያለ ችግር እንዲከፈት፣ ክፍት ቦታም ምልክትም ሳናስገባ እንዲህ ብለን ሰይመነዋል፦ ክንፈሚካኤልገነነ