ዳንቴሌ ያረፈበት የእንጨት ጠመንጃ

አንባቢዎቼ፣ አንድ ጉድ ሹክ ልበላችሁ፤ ከአፋችሁ እንዳይወጣ እንጂ። ባለፈው እሑድ ሥላሴ ሳስቀድስ ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው በሳቅ ይታፈናሉ። ዞር ስል ዓይናቸው ጀርባዬ ላይ ነው። ለካ የሐዘን ጥቁር ቀሚሴ ከትከሻ እስከ ተረከዝ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም ተለቅልቆበት ቁርጥ የወታደር ልብስ መስሏል! የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ሟቹ ባለቤቴ ነውና የዛሬው ጽሑፌ ለእሱ ነው። እናንተም አብራችሁ አንብቡ።

ታዴዬ፣ የኔ ጌታ፤

በሁዳዴ ተለይተኸኝ ይኸው ፍልሰታ ገባ። ቤቱ እንደተውከው ነው ብዬ አልዋሽህም። ጣሪያው አንተ በምትተኛበት በኩል ያፈስሳል፤ ሬዲዮኑም ዳንቴሉ ተገፎ ራቁቱን ቀርቷል። የዳንቴሉን ነገር ቆይ እነግርሃለሁ።

የተዝካርህ ድንኳን ሳይፈርስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ። ለሐዘን የመጣ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩለት። እሱ ግን ዓይኑን ከመቀቢያ ክፍልህ ላይ ሳይነቅል፣ «ክፍሉ ለባለሙያ ነበር የተሰጠው። ባለሙያው አርፏል፤ ቁልፉን ያስረክቡ» አለኝ። ታዴዬ፣ ያ ክፍል እኮ ቱታህ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ያለበት፣ ግድግዳው ላይ የቀባሃቸው መኪኖች ቀለም ሁሉ የተደራረበበት ነው! ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «ባለሙያዋ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ጋዜጠኛ አይደሉ እንዴ?»

«ሁለታችንም በቀለም ነው የኖርነው፤ እሱ በጣሳ፣ እኔ በብዕር።»

«እንግዲያው ለአብዮት በዓል የኪነት ጓዶች የሚይዟቸውን የእንጨት ጠመንጃዎች እንደ ጫካ ዥንጉርጉር አድርገው ይቀቡልን። ካማረ ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካላማረ ቁልፉን እወስዳለሁ።»

ወሬው ራስ መኮንን ድልድይ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። የእድራችን እትዬ ዘነበች አጥር ላይ ተንጠልጥላ፣ «ጥቁር የለበሰች ሴት የቀለም መርጫ ይዛ! ሟቹ ቢያይ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ምን ይላል? ‹ራቅ አድርገሽ ያዢው፣ አትቸኩይ› ነው የሚለው» አልኳት።

ግን ቸኮልኩ። ጥቁሩን አረንጓዴ መጀመሪያ ረጨሁት፤ ሳይደርቅ ቡናማውን ደረብኩበት። ተዋህዶ የጎመን ውሃ መሰለልህ። ጠመንጃዎቹን እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ እጄ ተላጠ። ያኔ ነው በሕይወት ሳለህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠህ ትለኝ የነበረው ጆሮዬ ውስጥ የገባው፤ «ከፈዛዛው ጀምረሽ ወደ ጥቁሩ። በመሃል አድርቂ። ቅጠል አስደግፈሽ እርጪ፣ ስታነሺው ጫካው ራሱ ይወጣል።» ያን ጊዜ እኔ ጽሑፌ ላይ አቀርቅሬ የምሰማህ አይመስልህም ነበር። ሰምቼሃለሁ።

እንዳልከው ፈዛዛውን ቀብቼ ለማድረቅ ሰቀልኩ። በዚህ ክረምት ውጭ የሚደርቅ ነገር የለም፤ እሳት የሚስበው የቀለም ማቅጠኛህ አኳራጅ ባለበት ቤት ከሰል እንዳላቀጣጥልም ስትቆጣኝ ኖረሃል። ስለዚህ ገመድ ከአልጋችን እስከ በሩ ዘርግቼ ጠመንጃዎቹን ደረደርኩ። በሥራቸው እየተሹለከለክሁ ስወጣ ስገባ ነው እንግዲህ ጀርባዬ የተለቀለቀው። ደግሞ ያለኝ ጥቁር ይኸው አንድ ቀሚስ ነው። ዓመትህ ሳይደርስ ሌላ አልለብስም።

የዳንቴሉ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ለሠርጋችን የሠራሁትን ባለ አበባ ዳንቴል ከሬዲዮኑ ላይ ሰርቀህ፣ የአንድ ላንድሮቨር በር ላይ አስደግፈህ አረንጓዴ የረጨህበት ቀን ትዝ ይልሃል? የእባብ ቆዳ የመሰለ ነገር ወጣልህና ሰፈሩን ጠርተህ አሳየህ። እኔ ደግሞ ዳንቴሌን እያራገብኩ እስከ ውቤ በረሃ የሚሰማ ጩኸት ጮህኩብህ። ለዚያ ዛሬም ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ዳንቴሉ ዳንቴሌ ነበር። አሁን ግን በገዛ እጄ ገፍፌ፣ ያንኑ አረንጓዴ የበላውን ጠርዝ ጠመንጃዎቹ ላይ አስደግፌ ረጨሁ።

ሊቀመንበሩ የኪነት ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ያንኑ የተለቀለቀ ቀሚሴን ለብሼ ደጅ ላይ ጠበቅኩት። ከልጆቹ አንዷ ጠመንጃውን አንስታ፣ «እንዴ! ይሄማ ዘንዶ ነው!» አለች። እሱ ግን አገላብጦ፣ አገላብጦ፣ «ይሄ አበባ የሚመስለው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጫካ ውስጥ አበባ የለም እንዴ ጓድ?»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሊስቅ ከጀለውና ከንፈሩን መለሰው። «ሰልፉ ላይ ታይቶ ይወሰናል። እስከዚያ ቁልፉ እኛ ዘንድ ይቆይ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

እኔ ደግሞ ያንገቴን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ አሳየሁት። ቁልፍህን ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ፣ ታዴዬ። የፈለገ ማተቤን ይበጥስ። እጁን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

በበዓሉ ዕለት የሠርጋችን አበባ በእነዚያ ጠመንጃዎች ላይ ሆኖ በፒያሳ ሲያልፍ ከፊት ቆሜ አያለሁ። ዓመትህ ሲደርስ ጥቁሩን አወልቃለሁ፤ እንደ ወጉ። ቀለሙን ግን በአኳራጅ አላስለቅቀውም፤ ቀሚሱን ከቱታህ ጎን እሰቅለዋለሁ፤ አንተን የምረሳበት ግድግዳ እንዳይኖረኝ። ክፍሉ የማን እንደሆነ የተቆረጠ ዕለት ከአዘጋጄም ከአንባቢዎቼም በፊት መቃብርህ ላይ መጥቼ የምነግረው ለአንተ ነው። ቁልፉን እዚሁ አንገቴ ላይ ታየዋለህ።