ገራዶ ላይ እናትህ ድናለች

ደሴ፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.

ልጄ ኑርሁሴን፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጋርድህ፤ የኦዴሳ ብርድም ይራራልህ። ዘንድሮ ዝናቡ መልካም ነበር፤ ጤፉ ደርሷል። እህትህ ከሪማ ግን እናትህን በገደላት በሽታ ታማለች። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ።

ጎረቤታችን ሸሪፋ ገራዶ ካሉት ሥር ማሽ የመድኃኒት ሥር አምጥተህ አጠጣት አለችኝ። እናትህም ያንኑ ሥር ጠጥታ እንደሞተች ብነግራት፣ «አንዲት ሴት ድናበታለች» ብላ ማለችልኝ። የዳነችውን በዓይኔ ልያት ብዬ ሥር ማሹ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ፈዟልና አላወቁኝም።

«የዳነችው ማን ናት?» አልኳቸው።

«የደሴዋ ኡሙሰልማ፣ የጀማሉዲን ሚስት። ይኸው ዛሬም ትበላለች፣ ትስቃለች።»

እናትህን ማለታቸው ነው።

«ማን ነገረዎት?»

«ባሏ ራሱ። ኮምቦልቻ ገበያ አግኝቼው ሚስትህስ ብዬ ብጠይቀው፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት አለኝ።»

አዎ፣ ብዬ ነበር። ያን ቀን እህል አልወርድ ብሏት ብርቱካን ልገዛላት ወርጄ፣ ክፉም ቢሆን አልሐምዱሊላህ ማለት ልማዳችን ነውና እንዲያ መለስኩላቸው። በማግስቱ ቀበርናት። እሷ ግን ሰባት ዓመት በሰው አፍ ውስጥ ቆማ፣ በሽተኛውን ወደዚያ በር ስትጠራ ኖራለች።

«ጀማሉዲን እኔ ነኝ። ሞታለች» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን ደህና ናት አልከኝ?» አሉ።

ሥሩን ሳልቀበል ተመለስኩ። ከሪማን ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት አስተኝቻታለሁ፤ ቢጫው ገና አለቀቃትም። አንተም ስትጽፍልኝ፣ ልጄ፣ ከአልሐምዱሊላህ ቀጥለህ እውነቱን ጻፍልኝ። አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

አባትህ ጀማሉዲን