መቶ ሰማንያ የግራ እጅጌ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለትልቋ እህቴ ይድረስ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ሥራሽስ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ልብስ የምትተኩሺበት ቤት አሁንም ሙቀቱ አያስቀምጥም ወይስ መስኮቱን ከፈቱላችሁ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ስለ ጉልበትሽ ስጠይቅሽ ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ አልፈሽዋል። እኔ መች ሁላችሁንም ጠየቅሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ግን አልተናደድኩም ማለት አይደለም። በጣም ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም ባንቺ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ጨርቁን አበላሽተሽ ስታበቂ ፎቅ ወጥተሽ ወለል ላይ ትዘረጊያለሽ አሉ። ሥራ ያለው ሰው ለመተጣጠፍ ጊዜ የለውም። ማሽኖቹን ሽጪና ነይ፣ ከጎኔ ቆመሽ ትተኩሻለሽ» ብለሻል። በዚያ ላይ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ላኪ ብለሽ ቀን ቆርጠሽልኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ያቆምኩትን ስፌት ቤት፣ አራት ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበትን ቤት፣ በአንድ ወሬ ዝጊ ትይኛለሽ?

ወሬኛው ማን እንደሆነ አላጣሁትም። ሬዲዮ የምንለው የአጎታችን ልጅ ነው። ጠዋት መጥቶ ከታች ሲያጣኝ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣ። እኔና ሌሎች ሰባት ሰዎች ዓይናችንን ጨፍነን በጀርባችን ተጋድመን ነበር፤ የዮጋው ሰዓት የሚያልቀው እንደዚያ ነው። በሩን ብርግድ አድርጎ «ምን ነካቸው እነዚህ ሰዎች!» ብሎ ጮኸ። ያየውን ነግሮሻል። ያላየውን ደግሞ እኔ ልንገርሽ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ወገቤን ታውቂዋለሽ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሳጎነብስ ውዬ ማታ ቀና ማለት ሲያቅተኝ ሐኪሙ ካልተንቀሳቀስሽ መርፌም አያድንሽም አለኝ። ከእኛ በላይ ባለው ክፍል ዮጋ የምታስተምር ሴትዮ አለች፤ በእማማ ዕድሜ ብትሆን ነው፣ ድሮ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበረች። ቀኑን ሙሉ «ቀጥ በሉ» ስለምትል ስሟ ቀጥ በሉ ሆኖ ቀርቷል። በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ሴቶቹ ሳይገቡ፣ እሷ ዘንድ እወጣለሁ። ሥራ አስፈትቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር ደግሞ የአነስተኛ ነጋዴዎች ማኅበራችን ሥልጠና ጠራን። አሠልጣኙ ጫማው እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በአንድ እግሯ የቆመች ሴት ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራና «ሥራ ፈጣሪ ማለት ይህች ናት፤ በአንድ እግሯ ቆማ የማትነቃነቅ፣ የማትንቀጠቀጥ» አለን። እጄን አወጣሁና ወንድሜ፣ አንተ ራስህ በአንድ እግርህ ቆመህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ሳቀ፤ እሱ ምሳሌ ነው አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! በአንድ እግሩ የቆመ ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ ጸጥ አይልም እኮ፣ እትዬ። ቁርጭምጭሚቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው የሚውለው፤ የሚያቆመውም እሱው መንቀጥቀጡ ነው። የእኔም ሥራ እንደዚያ ነው። ዛሬ መብራት ይጠፋል፣ ነገ የአንዷ ልጅ ያተኩሳታል፣ ከነገ ወዲያ ክሩ ከገበያ ይጠፋል። ወዲያ ወዲህ ስል ነው ስድስት ዓመት የቆምኩት።

ይህን ሁሉ ተከራክሬ ስወጣ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የሰውየው ቃል ሆዴ ገብቶ ቀርቶ ነበር። መንቀጥቀጤን ሰው እንዳያይብኝ ፈለግሁ። በዚያው ሳምንት አንድ ክሊኒክ ያዘዘንን ዘጠና ጋዋን መቁረጥ ነበረብን። ከወዲያ ጫፍ ጨርቅ የምትይዝልኝ ሴት ልጇ ታሞባት ቀረች። አንድ ቀን መጠበቅ ወይም ክሊኒኩን ጊዜ ስጡኝ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ብቻዬን አነጠፍኩት። አንቺ ገና መቀስ ሳታስይዢኝ ያስተማርሽኝን፣ ጨርቅ ፊቱ ከፊቱ ገጥሞ ይነጠፋል፣ ያን ጊዜ አንድ ቁርጥ ቀኝም ግራም ይወልዳል ያልሽኝን ረሳሁት። ለአንድ ሰው የሚቀለው ከአንድ ጫፍ እየጎተቱ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መደራረብ ነው። እንደዚያው አደረግሁ። ትንፋሼን ውጬ ሦስት ጊዜ አነጠፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ቆረጥኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

በማግስቱ ገጣጣሚያችን ሁለት እጅጌ አንሥታ አየች፣ ሦስተኛ ጨመረች፣ ከዚያ «ይህን ጋዋን የሚለብሰው ሰውዬ ሁለቱም እጁ ግራ ነው እንዴ?» አለች። ሳቅን። ከዚያ ሁሉንም ስንቆጥር የሚስቅ ጠፋ። መቶ ሰማንያ እጅጌ፣ አንድም የቀኝ የለበትም። ጨርቁ ፊቱ ያበራል፣ ጀርባው ፈዛዛ ነው፤ ገልብጠን እንስፋው ብንል እንኳ አይሆንም።

ሬዲዮ ያየኝ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ጠዋት ነው። ወገቤ ተቆልፎ ነበር። ቀጥ በሉ የዚያን ዕለት ሰው ፊት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ ልጅ፣ ስድስት ወር ሙሉ አየሁሽ። በግራሽ ስትቆሚ ዛፍ ነሽ። የቀኝሽ ተራ ሲደርስ ወይ ውሃ ይጠማሻል፣ ወይ ፀጉርሽ ይፈታል።» ከፍዬ የምሰደብበት ቦታ አገኘሁ ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ በጀርባዬ ስጋደም ነገሩ ገባኝ። ሥራውንም የያዝኩት በአንድ ወገን ነው። መቁረጥና መስፋት ሲሆን አለሁ። ደንበኛ ፊት ቀርቦ ተሳስቻለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ ማለት ሲመጣ ግን ውሃ ይጠማኛል። ሬዲዮ ተኝታለች ያለሽ ሰዓት፣ እትዬ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ በጣም የሠራሁበት ሰዓት ነው።

ከዚያው ተነሥቼ አንድ የግራ እጅጌ ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። የንብረት ኃላፊው ጮኸብኝ፤ ያስጮኸዋልም። እንደ ድሮው ቢሆን ይቅርታ ብዬ እወጣ ነበር። አልወጣሁም። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ቆሜ አሥር ቀን ጠየቅሁት። ሰጠኝ። አዲስ ጨርቅ ገዝተን፣ ለሁለት ይዘን፣ ፊቱን ከፊቱ ገጥመን አነጠፍን፤ ትናንት ዘጠናውን ጋዋን አስረከብን። የተረፈው የግራ እጅጌ በከረጢት ሆኖ በሩ ሥር ተቀምጧል። ሴቶቹ እንጣለው ቢሉኝ እንቢ አልኩ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፤ አልዘጋም፣ አልመጣምም። ዮጋውንም አልተውም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውን ፎቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አየሁት። ባልሽ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ልጆቹም፣ እማማ እንኳ በዘንጓ ቀጥ ብላለች። አንቺ ግን ክብደትሽን ሁሉ በግራ እግርሽ ላይ ጥለሽዋል፤ ቀኝ እግርሽ መሬቱን በጣቱ ብቻ ነው የነካው፣ እጅሽም የወንበሩን መደገፊያ ጨምድዷል። ድሮ ቢሆን አላየውም ነበር፤ ቀጥ በሉ ናት ዓይኔን የገለጠችው። አራት ሰው ተሸክመሽ በአንድ እግርሽ ቆመሻል፣ በዚያ ላይ ፈገግ ብለሻል! እኔን ነይና አጠገቤ ቁሚ ያልሽኝ ለእኔ አዝነሽ ነው ወይስ መደገፊያ አጥተሽ? የታመመውን ደብቆ ደህና ነኝ ማለት ለእህት አይባልም። ይህ ነው ከሁሉ የከፋኝ። ድጋፍ ስጪኝ ብትይኝ ኖሮ ያን ጊዜ ሌላ ነገር እናወራ ነበር።

አንቺ ቀን ቆርጠሽልኛል፤ እኔም ቆርጬልሻለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ያለሽን ጻፊልኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ አጎንብሰሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ የልብሱን ቅርጫት ፎቅ የሚያወጣው ከዛሬ ጀምሮ እሱ ነው። ትንሹን ልጅ ጉንጩን ሳሚልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ከሁሉም የበለጠ ሰላምታ። ይህንን መስመር ራሷ ታንብበው፤ የኔ ቆንጆ፣ እናትሽ ደረጃ ስትወጣ የትኛውን እግሯን እንደምታስቀድም፣ ስንት ጊዜም እንደምታርፍ አይተሽ ጻፊልኝ፤ እሷ አትነግረኝም።

የምትወድሽ እህትሽ

ከስፌት ቤቱ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ
ጥቅምት ፲፪ ቀን