በጨዋታ መሃል ለሞተው አያሌው

አያሌው፣ አካሌ፣

ገና ላይ ተለየኸኝ፣ ይኸው ሁዳዴ ገባ። ነፍስህ እንደምን ሰነበተች? እኔንስ አትጠይቀኝ። መሪጌታ አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም ነበር፤ እኔ ግን በማን እጅ እንደምልከው የማላውቀውን ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ጤፉ ጠፋ። ደቦ ጠርቼ፣ ጠላ ጠምቄ፣ አውድማው ዳር ቆሜ ጠበቅሁ፤ አንድ ሰው ብቅ አላለም። የባንዳ ጤፍ አንወቃም ብለዋል አሉኝ። ክምሩን ወፍና ምስጥ ተካፈሉት፣ ጠላውም ኮመጠጠ። አይ ሰው! አምና ለገና ጨዋታ አያሌው ከእኛ ወገን ካልሆነ አንጫወትም ብሎ ሲጣላልህ የነበረ ጎረቤት ነው እኮ።

አንተስ ወደህ ነው? ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ በግድ ቡሬ ወሰዱህ። ወታደሮቹ ኳስ ሲጫወቱ ከዳር ቆመህ ታይ ነበር፤ አንድ ቀን ኳሷ ወዳንተ ስትመጣ በእግርህ ይዘህ አልሰጥም አልሃቸው። ከዚያ ወዲያ መሃል ሜዳው ያንተ ሆነ። ድንጋይ ከመፍለጥ ኳስ መግፋት ይሻላል ብለህ ሳቅህብኝ። ከሽንዲ፣ ከደምበጫ ለገበያ የመጣው ሁሉ እህሉን ትቶ ይከብሃል። አንተ ኳሷን በጉልበት አትመታም፤ ቀና ብለህ ታይና እሰው እግር ሥር ታስቀምጣታለህ። ያ ሁሉ አጨብጫቢ ቤቱ ሲገባ ነው ባንዳ የሚልህ።

የገና ሰሞን ቅቤ ይዤ ገበያ ወጥቼ ነበር። ሹማቸው ራሱ ሊጫወት ገባ። ኳሷን ከእግሩ ነጥቀህ አገባህና፣ እንዳገራችን ወግ ተረብኸው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? እኛ ዘንድ በዚያ ቀን ባላገሩ ባላባቱን ቢሰድብ፣ ባላባቱ በግጥም ይመልሳል እንጂ አይቀየምም። «ጌታው፣ ቦርጭዎ ከኳሷ ቀድሞ ይደርሳል» አልኸው። አስተርጓሚው እየሳቀ ነገረው። አንተ መልሱን እየጠበቅህ ፈገግ ብለህ ቆምህ። ከዳር ሽጉጡን አስመጥቶ መለሰልህ።

ስታገባ እልል እንዳልል ሰው ፈራሁ፤ ስትወድቅ እንዳልጮህ ጣሊያን ፈራሁ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምን ላድርግ ነበር?

ትናንት ጫካ ያለው ወንድሜ ተደብቆ መጣ። ጣሊያን የገደለው ሰው እንዴት ባንዳ ይባላል ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ውሻን ጌታው ቢገድለው አርበኛ አይባልም» አለኝ። ለባንዳ ጥቁር አይለበስም ብሎ የሐዘን ቀሚሴን አስወልቆኝ ሄደ። እኔም አወለቅሁ። ወንድሜ ነው፣ ጠመንጃ ይዟል፣ ነገ ለእኔም የሚደርስልኝ እሱ ነው።

አያሌው፣ ስምህን ላነጻልህ አልቻልሁም። የሚሰማኝ የለም። ስትሞት የተላጨሁት ጠጉሬ ግን ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት መልሼ ተላጨሁት። ሻሽ ካሰርሁበት ማንም አያይብኝም። እኔም አፈር እስክገባ፣ ባደገ ቁጥር እላጨዋለሁ።

ሚስትህ ጥሩወርቅ